ባትሪ ሳይታሰብ ሲሞት፦ በእርዳታና በሰፈራ ሥራ ለተሰማሩ ተሽከርካሪዎች የሚሆን ትምህርት

በድርቅ ጊዜ እህል መገኘቱ ብቻውን የተራበውን ወገን እንደማያጠግብ የታወቀ ነው። በ1977 ዓ.ም. በአሰብ ወደብ የገባውን እህል ወደ መሐል አገር ለማጓጓዝ ከገጠሙት ዋና ዋና እንቅፋቶች አንዱ የጭነት መኪና እጥረት ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ጭነቱ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ቢሆንም መንገዱ ዛሬም የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋ የሚወጣ ነው። በዚህ መንገድ ላይ መኪና የሚያቆመው ሁልጊዜ ከባድ ብልሽት አይደለም። ማታ ደህና የነበረ ሞተር ጧት ቁልፉ ሲዞር ዝም ይላል፤ ጭነቱም፣ አንዳንዴም ወደ ሐኪም የሚወሰደው በሽተኛ፣ ባለበት ይቀራል።

ሾፌሮች ብዙውን ጊዜ ለዚህ ብርዱን ይወቅሳሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ባትሪን የሚገድለው ቆላው ነው፤ ደጋው ሞቱን ይገልጠዋል እንጂ። በሚሌና በሎግያ አካባቢ ባለው ሙቀት በባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል፣ የእርሳስ ሰሌዳዎቹም ቶሎ ይበላሉ። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም የሞቀ ሞተር በቀላሉ ስለሚነሳ ድካሙ አይታይም። መኪናው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ደሴ ወጥቶ ሲያድር ግን ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፣ ባትሪውም የሚሰጠው ያጣል።

ሁለተኛው ምክንያት በመስክ ሥራ ላይ የተለመደ ነው። ሞተር ጠፍቶ ሬዲዮ መገናኛ ይከፈታል፤ እህል በሌሊት ሲራገፍም የፊት መብራት ይበራል። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች ከ12 ቮልት ባትሪ 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። ባትሪው 60 አምፔር ሰዓት ቢሆን በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል፤ ያረጀ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሞተር አያስነሳም። ስለሆነም ማራገፊያው ላይ ፋኖስ ወይም ጄኔሬተር ማዘጋጀት የመጋዘን ኃላፊው ሥራ እንጂ የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ይገባል። መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ማሰሪያው ላልቷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ብቻ ዝም ካለ ጥፋቱ ከሞተሪኖው ወይም ከሽቦው ነው። በባትሪው ራስ ላይ የሚታየውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት በሶዳና በሞቀ ውሃ አጥቦ ማሰሪያውን ማጥበቅ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይከተላል፤ ይኸውም መፍቻው ሻሲ ቢነካ እሳት እንዳይፈጥር ነው።

ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ካስፈለገ የሁለቱ ቮልት እኩል መሆን አለበት። ትልቁ የጭነት መኪና 24 ቮልት፣ ላንድክሩዘሩ በአብዛኛው 12 ቮልት ነው፤ እነዚህን ማገናኘት መኪና ማቃጠል ነው። ቀዩ ገመድ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ ያገናኛል። ጥቁሩ ከሚሠራው ባትሪ ኔጋቲቭ ይነሳና በሞተው መኪና ሞተር ወይም ራቁት ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰራል። ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በአንድ ብልጭታ ስለሚፈነዳ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስም ሆነ በክብሪት ብርሃን ማየት ክልክል ነው።

ደኅና ባትሪ ተውሶ ሞተር ካስነሱ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ፈትቶ የሞተውን መመለስ በየመንገዱ ይታያል። ይህ እጅግ መጥፎ ልማድ ነው፤ ባትሪ የሌለው ዲናሞ የሚለቀው ከፍተኛ ቮልት ዲናሞውንም ሌላውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

በግፊት ማስነሳት የሚቻለው የእጅ ማርሽ ላላቸው መኪናዎች ብቻ ነው። ባትሪው ጨርሶ ባዶ ከሆነ ግን የናፍጣ መዝጊያው ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ብዙዎቹ አይነሱም። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሬኑና መሪው ይከብዳሉና ቁልቁለት ላይ መሞከር አይገባም። እርዳታ ሊቀበል የመጣን፣ ራብ ያደከመውን ሕዝብ ለግፊት መጥራትም ነውር ነው።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ቮልት መለኪያ ቢኖር በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት። ከዚያ ካነሰ የዲናሞውን ቺንጋ መመልከት ነው። አጭር ጉዞ ባዶውን ባትሪ አይሞላውም፤ ቻርጅ ላይ ብዙ ሰዓት መዋል ይኖርበታል። ባዶውን ለሳምንታት የቆመ ባትሪ ሰሌዳው ስለሚደድር እንደ ቀድሞው አይመለስም። ሳይነዳ አድሮ የተለካ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.0 ከሆነ ወደ አራተኛ እጁ ወርዷል።

ክዳን ያለው ባትሪ በቆላ በየሳምንቱ ይከፈታል፤ ሰሌዳዎቹ ከተጋለጡ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመራል። የጉድጓድ ውሃ ጨው አለበት፣ አሲድም መጨመር ስህተት ነው፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። አሲድ ዓይን ከነካ ሳይዘገይ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ያረጀውም ባትሪ በሰፈራ ጣቢያ ግቢ አይጣልም። ሕፃናት በሳጥኑ ይጫወታሉ፣ እናቶችም ውሃ ሊቀዱበት ያነሱታል፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ግን መርዝ ነው። በንብረት መዝገብ ተመዝግቦ ወደ መጣበት ጋራዥ መመለስ አለበት።