ከፌይ ጋር ሲዋዋሉ

ፌይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሕፃናት ፊልም ያየናትን፣ የቢራቢሮ ክንፍ ያላትን ትንሽ ፍጡር ነው። እሷን ለጊዜው እንተዋት። የስኮትላንድና የአየርላንድ ገበሬዎች ይፈሯቸው የነበሩት ፌዮች ቁመታቸው የሰው፣ መኖሪያቸው ከጉብታ ሥር ነበር። ስማቸውን መጥራት ስለሚያስፈራ «ደጎቹ ሰዎች» ይሏቸው ነበር። «ዛር» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ የፌይ ነገር ሰው ላይ ማደር ሳይሆን ሰውን ወደ አገሩ መውሰድ ነው። «ታም ሊን» በተባለው የስኮትላንድ ጥንታዊ የዘፈን ተረት፣ ጃኔት የምትባል ልጃገረድ በፌይ ንግሥት የተወሰደ ወዳጇን ከፈረስ ጎትታ ታወርደዋለች። እቅፏ ውስጥ እባብ ሆነ፣ አውሬ ሆነ፣ የጋለ ብረት ሆነ፤ አልለቀቀችውም።

ዛሬ የሚነበበው የፌይ የፍቅር ልቦለድ የዚህ ተረት የልጅ ልጅ ነው። ሳራ ጄ. ማስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው «ኤ ኮርት ኦቭ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ» ውስጥ አንዱን ገጸ ባሕርይ ታምሊን ብላዋለች። ባለታሪኳ ፌይራ የ19 ዓመት አዳኝ ናት። መጽሐፉ መጀመሪያ ለታዳጊዎች ተብሎ ቢሸጥም በ2020 ለአዋቂዎች ተብሎ በአዲስ ሽፋን ወጣ፤ የአልጋ ትዕይንቶቹ ግልጽ ናቸውና ለልጅ አይሰጥም።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስትጀምሩ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ዓለም ፌይ መዋሸት ይችላል? በብዙ የፌይ ታሪኮች አይችልም። መዋሸት የማይችል ሊያታልል ሲፈልግ እውነትን አሳጥሮ ይናገራል። «ከዚህ ደጅ እስክትወጪ ማንም አይነካሽም» ካለ፣ ከደጁ ውጪ ስላለው ምንም አላለም። ቅኔ የለመደ አንባቢ እዚህ ቤቱ ነው፤ ኅብረ ቃሉን መፈለግ ያውቅበታል።

ሆሊ ብላክ በ2018 ባወጣችው «ዘ ክሩል ፕሪንስ» ይህን ሕግ ጠብቃዋለች። ጁድ በፌዮች መሐል ያደገች ሰው ናት፤ ከሁሉም ደካማ ብትሆንም መዋሸት ትችላለች፤ መሣሪያዋም ይኸው ነው። ይህ ፍቅሩን ምን ያህል እንደሚያከብደው አስቡት። የምትወደው የፌይ ልዑል ቃሉን በቀጥታ ከተናገረ ልታምነው ትችላለች፤ እሱ ግን ከእሷ ያን ዋስትና ፈጽሞ አያገኝም። እኔን ይህን ዓይነት መጽሐፍ ያስወደደኝ ይህ አለመመጣጠን ነው።

ማስ ሕጉን አፍርሳዋለች፤ የእሷ ፌዮች ይዋሻሉ። ያልነካችው ግን ውል የሚያስር መሆኑን ነው። ፌይራ እስር ቤት ውስጥ ክንዷ ቆስሎ በትኩሳት ስትነድ ሪሳንድ የሚባል ፌይ መጥቶ ልፈውስሽ ይላታል። ዋጋው በየወሩ ሁለት ሳምንት እሱ ዘንድ መኖር ነው። ሞት አፋፍ ላይ ሆና እንደ ገበያ ሴት ትከራከረዋለች፤ በአንድ ሳምንት ይስማማሉ። ወዲያው ግራ እጇ በንቅሳት ይሞላል፣ መዳፏ ላይም ዓይን ይሣላል። እዚህ ገጽ ላይ ቆም በሉ። የተከራከረችው በቁጥሩ ነው፤ ሳምንቱን ማን እንደሚመርጥ አልተከራከረችም። በ2016 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ሪሳንድ ውሉን ሊያስፈጽም ሲመጣ ፌይራ የሙሽራ ልብስ ለብሳለች።