ከክትክታው ዛፍ ሥር

ነቢዩ ኤልያስ በጸሎቱ ከሰማይ እሳት ካወረደ በኋላ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ብትዝት ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞቱንም ለመነ (1ኛ ነገ. 19፥4)። መልአኩ ግን «እምነትህ የት ሄደ?» ብሎ አልገሠጸውም። ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው እንጂ። በዚያም ኃይል አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ።

ዛሬም በየቤታችን እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ፣ «ምነው ሞቴ በመጣ» የሚል አለ። «ጸሎት ስላነሰህ ነው» አንበለው፤ ብቻውንም አንተወው። እናጉርሰው፣ እናዳምጠው፣ ለንስሐ አባቱ እንንገር፣ ሐኪም ዘንድ እንውሰደው። ጠበል ሲጠመቅም መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና (ሲራክ 38፥1)።

ኤልያስን ከዛፉ ሥር ያልተወ አምላክ እኛንም አይተወንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።