ፒክአፕ መኪና ነዳጅ ሲሰጡት ለምን ይዘገያል?

አንድ ነጋዴ ከመርካቶ ቆርቆሮና ሚስማር ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ አቀበት ሲወጣ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሳለ መኪናው እንደ ዛለ በሬ ቢንፏቀቅና ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ቢነፉበት፣ በማግስቱ ወደ ጋራዥ መሄዱ አይቀርም። በጋራዡም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ፖምፓው ደክሟል፤ ይውረድ» የሚል ነው። ፖምፓው ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ብዙ ብር ይከፈላል፤ መኪናውም ሳምንት ያህል ያለ ሥራ ይቆማል። ተመልሶ ሲመጣ ግን ያው እንደ ቀድሞው ነው። ኋላ ሲመረመር የችግሩ ምንጭ በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ ላይ «የመኪና ጥገና» ተብሎ ስለሚጻፍ ኪሣራ አይመስልም፤ ነገር ግን ኪሣራ ነው።

የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የደከመ ሞተር የሚያባክነው ናፍጣ ራሱን የቻለ ወጪ ሆኗል። ስለዚህ ባለንብረቱ መፍቻ ይዞ መኪና የማይፈታ ቢሆን እንኳ፣ ለመካኒኩ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቅ ዘንድ የነገሩን አካሄድ ማስተዋል ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው የነበረውን ጉልበት አጥቶ እንደሆነ፣ ወይም ጉልበቱ ድሮውንም ያልነበረው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ነዳጁ የሚነድበትን አየር ይሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እንግዲህ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ 3ኤል እና 5ኤል እየተባለ የሚጠራው የቀድሞው የቶዮታ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር፣ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ይቀንስበታል። በፋብሪካው መጽሐፍ 90 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት እንዲህ ያለ ሞተር በአዲስ አበባ 70 ያህል ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይሆናል።

መለያውም ቀላል ነው። መኪናው 1700 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ አዳማ፣ ይልቁንም ወደ 1000 ሜትር ወደምትጠጋው ወደ አዋሽ ሰባት ሲወርድ ሁኔታውን መመልከት ነው። በቆላው እየነቃ በደጋው የሚደክም ከሆነ የከፍታው ነገር ነው፤ በአዋሽ ሜዳ ላይም ባዶውን የሚንፏቀቅ ከሆነ ግን በውስጡ በሽታ አለ። ይህ መለያ ግን በተለይ ቱርቦ ለሌለው ሞተር የሚያገለግል ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የከፍታውን ጉዳት በብዙ ይክሳል፤ ስለዚህ ቱርቦ ያለው መኪና በአዲስ አበባ እጅግ ከደከመ ቱርቦው ራሱ ሥራውን ትቶ ሊሆን ስለሚችል፣ «ከፍታ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጠቀስ አለበት። መኪናው ሲደክም አንዳንድ መካኒክ የፖምፓውን የነዳጅ መጠን የሚወስነውን ብሎን ያዞርና ናፍጣ ይጨምርለታል። ባለመኪናው ለጥቂት ቀን የተሻለ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በደጋ አገር የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም፤ የተጨመረው ናፍጣ የሚነድበት አየር ስለማያገኝ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ባለንብረቱ ለጭስ ገንዘብ ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ ያንን ብሎን ያለ መለኪያ መሣሪያ እንዲነካ ባይፈቅድ መልካም ነው።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት መለካት ይገባል። ሰው ገንዘብ ከከፈለ በኋላ መኪናው የፈጠነ እየመሰለው ይደሰታል፤ ሰዓት ግን አይደለልም። አንድ ለጥ ያለ፣ እግረኛና መኪና የማይበዛበት መንገድ ይመረጥና፣ በአንድ ነጂ፣ በአንድ ዐይነት ጭነት፣ በሦስተኛ ማርሽ መኪናው በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ወደ 60 ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይለካል። ከሄደ በኋላ በተመለሰበትም አቅጣጫ ደግሞ ይለካና መካከለኛው ይያዛል። ውጤቱ ከቀኑና ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ጋር በደብተር ይጻፋል። ከያንዳንዱ ጥገና በኋላም እንዲሁ ይደረጋል። በአንድ ቀን ሦስት ነገር አስለውጦ የትኛው እንደረዳ ሳያውቅ የሚቀር ባለመኪና ብዙ ስለሆነ፣ አንድ በአንድ መሄድ ይሻላል።

የመጀመሪያው የሚታየው የአየር ፊልትሮ ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥፋቱ ግን ትልቅ ነውና። የጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና በመጽሐፉ ከተጻፈው ኪሎ ሜትር እጅግ ቀድሞ ፊልትሮው ይደፈናል። አውጥቶ ወደ ብርሃን ቢያዩበት ነገሩ ይገለጣል። የወረቀት ፊልትሮ በጎማ ላይ እየደበደቡ ማራገፍ፣ ወይም በቤንዚን ማጠብ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ በተቀደደው ገብቶ የሚያልፈው አቧራ ደግሞ ሲሊንደሩንና ቱርቦውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በአየር ግፊት ማጽዳት ቢያስፈልግ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ያውም በዝግታ መንፋት ነው። በዚሁ አጋጣሚ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው የጎማ ቱቦ የተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው የላላ እንዳይሆን በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። ቱርቦ ባለው ሞተር ይህ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ቱርቦው የጨመቀው አየር በስንጥቁ እየወጣ ሲጠፋ መኪናው ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ይጨምራል፣ ነዳጅ ሲሰጡትም የፉጨት ድምፅ ይሰማል። በቱቦው መጋጠሚያ ላይ አዲስ የዘይት እድፍ መታየቱም ምልክት ነው።

ከአየሩ ቀጥሎ ናፍጣው ይመረመራል። ናፍጣ ከበርሜል ወደ በርሜል ሲገለበጥ ውሃና ዝቃጭ ይዞ ይመጣል፤ ከገጠር መንገድ ዳር ከበርሜል የሚቀዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለው ትንሽ ብሎን ሲላላ ውሃው ይፈስሳል፤ ውሃው በየጊዜው ካልወጣ ፖምፓውንና ኖዝሉን ያበላሻል። የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ መኪናው በቀስታ ሲሄድ ደኅና ይመስላል፣ አቀበት ላይ ብዙ ናፍጣ ሲጠይቅ ግን ይንቀጠቀጥና ይሞታል። ፊልትሮው ተለውጦ ካልተሻለው፣ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ወንፊት መታየት አለበት። አንድ ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ፦ የማጠራቀሚያው ክዳን አየር ማስገቢያ በጭቃ ሲደፈን፣ ናፍጣው በተሳበ ቁጥር በውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠርና መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ ይደክማል። በደከመበት ሰዓት ክዳኑ ሲከፈት «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ጉልበቱ ከተመለሰ፣ ጥገናው ክዳኑን ማጽዳት ወይም መለወጥ ብቻ ነው።

በአዲሶቹ ሞተሮች፣ ይኸውም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ ቧንቧ አከማችተው በኮምፒዩተር እየታዘዙ በሚረጩት፣ ለምሳሌ በሃይሉክሱ 2500 ሲሲ የ2ኬዲ ሞተር፣ ወደ ፖምፓው የሚገባውን ናፍጣ የሚመጥን አንድ ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ ሲያረጅ ሞተሩ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያመነታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጠፋል። ቫልቩ ከፖምፓው ተለይቶ ሊለወጥ የሚችል ሆኖ ሳለ መላው ፖምፓ እንዲለወጥ የሚፈረድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ባለንብረቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በኮምፒዩተር የተነበበው የጥፋት ቁጥር ተጽፎ እንዲሰጠው ቢጠይቅ መብቱ ነው። በነዚሁ ሞተሮች የተቃጠለው ጭስ በከፊል ወደ መግቢያው እንዲመለስ ስለተደረገ፣ በዓመታት ብዛት ጥላሸት ከዘይት ጋር ተለውሶ የአየር መግቢያውን ያጠብበዋል። ይህ የሚጸዳ እንጂ የሚለወጥ አይደለም።

ነዳጅ መስጫው ራሱም መረሳት የለበትም። በቀድሞው መኪና መስጫው ከፖምፓው ጋር የሚገናኘው በሽቦ ነው። ሽቦው ከረገበ፣ ወይም በመስጫው ሥር ወፍራም ምንጣፍ ከተነጠፈ፣ ነጂው እስከ ወለሉ ረግጫለሁ ሲል በፖምፓው ላይ ያለው ማንሻ ግን ሦስት አራተኛ መንገድ ብቻ ሄዶ ይቆማል። ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ሰው ሲረግጥ ሌላው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ማንሻው እስከ መጨረሻው መድረሱን ቢመለከት በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ወጪ የለውም።

በአዲሶቹ መኪናዎች መስጫው በኤሌክትሪክ ምልክት ይሠራል። በዚህም ምክንያት መኪናውን «የሚያነቃ» ትንሽ ሣጥን ለገበያ ቀርቧል። ሣጥኑ የሚያደርገው ነጂው ግማሽ ሲረግጥ ከግማሽ በላይ የረገጠ አስመስሎ ለኮምፒዩተሩ መንገር ነው። መኪናው ቀልጠፍ ያለ ይመስላል፤ መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ የሚገኘው ጉልበት ግን ያው ነው፣ አንዲት የፈረስ ጉልበት አልተጨመረችም። ለአቀበት ፋይዳ ስለሌለው፣ ጭነት ለሚያመላልስ ነጋዴ ገንዘቡን ለፊልትሮና ለዘይት ቢያውል ይበልጣል።

ሞተሩ ደኅና ሆኖ ሌላ ነገር የሚይዘው ጊዜም አለ። ጥቂት ከተነዳ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢግል ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ብረቱን ሳይነኩ እጅን ማስጠጋት ይበቃል። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ የመቃጠል ሽታም አለው። ፋብሪካው ከሰጠው በዙሪያው 10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የሚያስገጥም ሰው ደግሞ ማርሹን ሁሉ በዚያው መጠን አክብዶበታል፤ የፍጥነት ቆጣሪውም ከእውነተኛው ያነሰ ስለሚያሳየው መኪናው ይበልጥ የዘገየ ይመስለዋል።

የነጂው እጅም አለበት። ናፍጣ መቆጠቤ ነው ብሎ አቀበቱን በአራተኛ ማርሽ በ1200 ዙር የሚገፋ ሾፌር፣ ቱርቦው ሳይነቃ ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ሞተሩ ማቃሰት ሳይጀምር ወደ ሦስተኛ ወርዶ ወደ 2000 ዙር ቢይዘው መኪናው ይታዘዛል።

ጭነቱን በተመለከተ፣ የዚህ ዐይነት ፒክአፕ የተሠራው ለ1 ቶን ገደማ፣ ማለትም ለ10 ኩንታል ነው። በላዩ የብረት መደርደሪያ ተበይዶበት፣ ስፖንዳው ከፍ ተደርጎ 18 ኩንታል የሚጫንበት መኪና፣ ሞተሩም በከፍታው ምክንያት ሩብ ጉልበቱን ያጣ ሲሆን፣ ቢዘገይ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ላይችለው ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና ባዶውን አስነድቶ ሴኮንዱን መለካት ነው። ባዶውን ከቀድሞው ልኬት ጋር የሚስማማ ከሆነ ወደ ጋራዥ የሚወስደው ጉዳይ የለም፤ ጭነቱን ከሁለት ከፍሎ መመላለስ ወይም ለዚያ ቀን የጭነት መኪና መከራየት ይቀረዋል።