በአሮጌ የአደን ጠመንጃ በብረት ፍሬ ስለመተኮስ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የውኃ ወፎችን፣ ይኸውም ዳክዬንና ዝይን፣ በጠመንጃ ማደን በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። በሀገራችን ባላገር ዘንድ የእነዚህ ወፎች ሥጋ ብዙም ስለማይበላ አደኑ አልተስፋፋም። ይሁን እንጂ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በበጋችን ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይና ወደ አብያታ ሐይቆች የሚመጡት ዳክዬዎች እዚያ የሚታደኑት ወፎች ናቸው። ስለሆነም ጉዳዩ እኛንም ይነካናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእርሳስ ወደ ብረት ፍሬ ለምን እንደተዞረና አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው ምን መጠንቀቅ እንዳለበት ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. እርሳስ ለምን ተተወ

የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ጥይት በቀለሁ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎችን ይይዛል። ሲተኮስ ወፉን የሚያገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት በረግረጉና በሐይቁ ዳር ይረግፋሉ። ዳክዬ እንደ ዶሮ ሁሉ ምግቡን በጨጓራው የሚፈጨው በሚውጠው ጠጠር ነው። የእርሳሱን ፍሬ ጠጠር ወይም እህል መስሎት ይውጠዋል። ፍሬው በጨጓራው ውስጥ እየተፈጨና በአሲድ እየሟሟ ወደ ደም ይገባል። የተመረዘው ወፍ ክንፉን ይጥላል፣ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፣ የደረቱ ሥጋ ያልቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል። አንድ ፍሬ ብቻ እንኳ ሊገድል ይችላል። የሞተውን ወፍ የሚበላው ንስርም በዚያው መርዝ ይጠቃል።

ፍራንክ ቤልሮዝ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1959 ባወጡት ጥናት ከሰሜን አሜሪካ የውኃ ወፎች በየዓመቱ ከመቶ 2 እስከ 3 የሚሆኑት በእርሳስ እንደሚሞቱ ገምተዋል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከ1991 ጀምሮ ለውኃ ወፍ አደን የእርሳስ ፍሬን በመላ ሀገሪቱ ከለከሉ። ዴንማርክ በ1996 ለማንኛውም አደን አገደች። የአውሮፓ ኅብረትም በረግረግ ቦታዎች ላይ የጣለው እገዳ በ2023 ሥራ ላይ ውሏል። በ1995 የተፈረመው የአፍሪካና የዩራሲያ ተሰዳጅ የውኃ ወፎች ስምምነትም አባል ሀገሮች በረግረግ ቦታ የእርሳስ ፍሬን እስከ 2000 ድረስ ለማስቀረት እንዲጥሩ ጠይቆ ነበር። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት።

2. ብረት ከእርሳስ የሚለየው በምንድን ነው?

ሀ/ ይቀላል። መጠናቸው እኩል ከሆነ የብረት ፍሬ ክብደት ከእርሳሱ በ30 ከመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል።

ለ/ ይጠነክራል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይጨመቃል፤ ብረት ግን አይጨመቅም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች አፈሙዝ ፍሬዎቹ እንዳይበተኑ ሲባል ጫፉ ላይ ጠበብ ተደርጎ ተሠርቷል። ብረት በዚህ ጥበት ተገፍቶ ሲያልፍ አፈሙዙን እንደ ቀለበት ሊያሳብጠው፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ከሆነም መጋጠሚያውን ሊያላቅቀው ይችላል።

3. ከመተኮስ በፊት የሚደረግ ምርመራ

የጠመንጃው ዕድሜ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ፍርድ የሚሰጡት የሚከተሉት አራት ነገሮች ናቸው።

ሀ/ የአፈሙዙ አሠራር። ብረትና ዓረብ ብረት ተጠማዝዞና ተበይዶ የተሠራው፣ በላዩ ላይ የውኃ ሞገድ የመሰለ መልክ የሚታይበት የደማስቆ አፈሙዝ በብረት ፍሬ ፈጽሞ ሊተኮስበት አይገባም።

ለ/ የፍተሻ ማኅተም። በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት በከፍተኛ ግፊት ተፈትሾ ማኅተም ይመታበታል። አፈሙዙ ሲፈታ ማኅተሙ ከሥሩ ይታያል። ለቁጥር 12 ጠመንጃ ተራው የብረት ጥይት ግፊቱ ከ740 ባር፣ የፍሬው ውፍረትም ከ3.25 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ኃይለኛው ጥይት ግን እስከ 1050 ባር ስለሚደርስ የሊሊ አበባ ቅርጽ ያለው የብረት ፍሬ ማኅተም በሌለው ጠመንጃ አይተኮስም።

ሐ/ ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ርዝመት። በብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአዲሶቹ 70 ወይም 76 ሚሊ ሜትር ነው። በቀለሁ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ከተተኮሰ በኋላ አፉ ሲዘረጋ የሚኖረው ነው። በመሆኑም የ70 ጥይት በ65 ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የሚዘረጋው አፍ መውጫውን ስለሚያጠብ ግፊቱ ከልክ በላይ ይሆናል። ጥይቱ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

መ/ የጫፉ ጥበት። ሙሉ ጥበት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ጥበት ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለብረት ፍሬ ከግማሽ ጥበት በላይ መሆን የለበትም፤ ለአሮጌ ጠመንጃ ከዚያም ቢያንስ ይመረጣል። የጠበበውን ጫፍ የሠለጠነ የጠመንጃ ባለሙያ ሊያሰፋው ይችላል። በቤት ውስጥ በሞረድ መሞከር ግን አደገኛ ነው።

ከአራቱ አንዱ እንኳ ካጠራጠረ በብረት ፍሬ አለመተኮስ ነው። ይህ ማለት ግን ወደ እርሳስ መመለስ ማለት አይደለም። ቢስመዝ የተባለው ለስላሳ ብረት ዋጋው ከፍ ቢልም ለአሮጌ አፈሙዝ ይስማማል። ሆኖም የጥይቱ ርዝመትና ግፊት ከጠመንጃው ጋር መመጣጠን አለበት።

4. አተኳኮስ

- የብረት ፍሬ ቀላል ስለሆነ በእርሳስ ከለመዱት በሁለት ቁጥር የተለቀ ፍሬ ይመረጣል። 3 ሚሊ ሜትር የሆነውን የእርሳስ ፍሬ በክብደት የሚስተካከለው 3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ፍሬ ነው።
- ከ35 ሜትር በላይ አይተኮስም። ከዚያ በላይ ሲሆን ወፉ ቆስሎ ያመልጥና ሌላ ቦታ ይሞታል።
- ፍሬዎቹ አፈሙዙን እንዳይቧጭሩ በወፍራም የፕላስቲክ ኩባያ የታሸገ ጥይት ብቻ ይወሰዳል። በእርሳስ የተሞላውን ቀለህ ፈትቶ በእጅ ብረት መሙላት ለሕይወት ያሰጋል።
- የብረት ፍሬ ከድንጋይና ከጠንካራ ነገር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ያስፈልጋል።

5. የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የማኅበራት ድርሻ

በሐይቅና በረግረግ አካባቢ የምትሠሩ ሠራተኞች ከውጭ የመጣ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው ምክር ቢጠይቃችሁ ከላይ ያሉትን አራት ነጥቦች በቅደም ተከተል አስረዱት፤ የሚያጠራጥረውንም ወደ ባለሙያ ምሩት። በሕግ የተደነገገው የመሣሪያና የአደን ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አሳስቡት። ማኅበራትም የሞቱ ወይም ክንፋቸውን የጣሉ ዳክዬዎች በብዛት ሲታዩ ሳይነኩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲያስታውቁ ይመከራል። የወፍ በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላልና።

ማጠቃለያ

እገዳው ፍሬ አፍርቷል። በሚሲሲፒ የወፎች መስመር በተደረገ ጥናት፣ ከእገዳው በኋላ በእርሳስ የሚሞቱት አረንጓዴ ራስ ዳክዬዎች በ64 ከመቶ እንደቀነሱ ተገምቷል። ይህን ጥቅም ለማግኘት የማንም እጅ ወይም ዓይን መጎዳት የለበትም። አፈሙዙን፣ ማኅተሙን፣ ርዝመቱንና ጥበቱን ሳይመረምሩ አንድም ጥይት አለማጉረስ ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።