ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ሎሚ፦ ጥቅማቸውና ወሰናቸው

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ካራቆሬም ሆነ በሌሎች የይፋት ቆላ አካባቢዎች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ሎሚ ከምግብነታቸው ባሻገር ለጉንፋንና ለሆድ ሕመም ሲወሰዱ ኖረዋል። ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ ግን «እነዚህን የበላ ሰው በበሽታው አይያዝም» የሚል ወሬ በስፋት ተሰራጭቷል። ነባሩ ልማድ በከፊል መሠረት አለው፤ ወሬው ግን የለውም።

በጥናት የታወቀው

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ፣ በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይፈጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ተለይቶ የታወቀው አሊሲን፣ ቁስል የሚያመግሉና ተቅማጥ የሚያስከትሉ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎችን እድገት በቤተ ሙከራ ይገታል። ሳይከተፍ በቀቀሉት ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ግን አሊሲን እምብዛም አይገኝም። ፌጦም ተፈጭቶ ሲርስ የሚሰጠው የማቃጠል ስሜት ባክቴሪያን ከሚጎዳ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። የሎሚ ጭማቂ ደግሞ በአሲድነቱ የኮሌራን ባክቴሪያ ያዳክማል።

ወሰኑ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ ባክቴሪያን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ መግታትና የታመመን ሰው ማዳን የተለያዩ ናቸው። በምግብ የምንወስደው መጠን አነስተኛ ሲሆን፣ አሊሲንም በሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ኮቪድ-19ን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። ባክቴሪያን ለማጥፋት የተሠሩት አንቲባዮቲኮች እንኳ ቫይረሱን አይገድሉም። የዓለም ጤና ድርጅትም ነጭ ሽንኩርት ለጤና ተስማሚ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና ቫይረስ እንደሚከላከል ማስረጃ አለመኖሩን አስታውቋል።

ምን እናድርግ?

1. እነዚህን ዕፅዋት በምግብነታቸው ይጠቀሙባቸው። ጥሬ የሚበላውን በንጹሕ ውሃ ይጠቡ፤ ሎሚ መጭመቅ ውሃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣትን አይተካም።

2. ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በቁስል ወይም በሕፃን ገላ ላይ አይሰሩ፤ ቆዳን ያቃጥላል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ነጭ ሽንኩርትን አብዝተው ከመውሰድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

3. እጅዎን በውሃና በሳሙና ደጋግመው ይታጠቡ፤ ርቀትዎን ይጠብቁ፤ አፍና አፍንጫዎን በጭምብል ይሸፍኑ።

4. ትኩሳት ወይም ሳል ከታየብዎ ከሌሎች ተለይተው በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ። ትንፋሽ ካጠረዎ ደግሞ «መጀመሪያ በቤት ውስጥ ልሞክር» በማለት ጊዜ አያጥፉ፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በዚህ የሚባክን ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ዕፅዋቱ ከማዕዳችን አይጥፉ፤ የሕክምናን ቦታ ግን አይያዙ።