ቮልት፥ አምፔርና ኦም በቤታችን ውስጥ

በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ አምፑል ሲሰካ ገመዱ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያው ገመድ ላይ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ግን ይግላል። ሶኬቱ ያው፥ ገመዱም ያው ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት ከምን መጣ? መልሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነርሱም ቮልቴጅ፥ ኮረንትና ሬዚስታንስ ናቸው።

ከፍ ካለ ቦታ የተቀመጠ የውሃ በርሜል እናስብ። በርሜሉ ከፍ ባለ መጠን በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይበረታል፤ ቮልቴጅም እንዲሁ ኤሌክትሪክን የሚገፋ ኃይል ሲሆን በቮልት ይለካል። በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የውሃ ብዛት በኮረንት ይመሰላል፤ መለኪያውም አምፔር ነው። ረጅምና ጠባብ ቧንቧ ውሃን እንደሚያግድ ሁሉ ረጅምና ቀጭን ሽቦም ኮረንትን ያግዳል፤ ይህ ሬዚስታንስ ይባላል፤ መለኪያውም ኦም ነው። ምሳሌው ግን በሁሉ ነገር አይስማማም። ቧንቧ ሲቆረጥ ውሃው ይፈሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ኮረንቱ ይቆማል፤ ኮረንት የሚሄደው ዞሮ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ሲያገኝ ነውና።

የሦስቱን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጠው በኮሎኝ ከተማ መምህር የነበረው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ሕጉም እንዲህ ይላል፦

ኮረንት = ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስ

በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የቀድሞው ዓይነት ባለ 100 ዋት አምፑል ሲበራ ሬዚስታንሱ 484 ኦም ነው፤ 220 ለ484 ሲካፈል 0.45 አምፔር ያህል ይሆናል። ባለ 3,300 ዋት ምጣድ ግን ሬዚስታንሱ 14.7 ኦም ያህል ስለሆነ 15 አምፔር ይስባል። ብዙ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሬዚስታንሱ ትልቅ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው።

አሁን ሁለቱን በየተራ 1 ኦም በሆነ ረጅምና ቀጭን ገመድ ላይ እንሰካ። በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው ኮረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በገመዱ ሬዚስታንስ ሲባዛ ነው።

ለአምፑሉ፦ 0.45 × 0.45 × 1 = 0.2 ዋት ያህል።

ለምጣዱ ጠቅላላው ሬዚስታንስ 15.7 ኦም ስለሚሆን 14 አምፔር ያልፋል፦ 14 × 14 × 1 = 196 ዋት።

ሙቀቱ ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው! ገመዱ ተጠቅልሎ ወይም ከምንጣፍ ሥር ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የሽቦው ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። ያን ጊዜ ሬዚስታንሱ ከምንም የማይቆጠር ስለሚሆን ኮረንቱ እጅግ በዝቶ እሳት ያስነሣል።

ባልቦላ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እርሱ ተቃጥሎ መንገዱን ይቆርጣል። በተቃጠለ ባልቦላ ፈንታ ወፍራም ሽቦ የሚያስር ሰው ዘበኛውን አባሮ በሩን ክፍት የተወ ሰውን ይመስላል።

ስለዚህ ምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ተስማሚ ባልቦላ ያስፈልገዋል። በክፍል የተማርነው የኦም ሕግ ለፈተና ብቻ እንዳይቀር፥ እያንዳንዳችን ዛሬውኑ የቤታችንን ምጣድ ገመድ ከወላጆቻችን ጋር እንመልከት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።