መብራቱን ያጠፋው ማነው?

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ትምህርት ላይ በውጭ አገር ከደረሱ አደጋዎች አንዱን መርጠን አጭር ዜና እንድንጽፍ ታዝዘን ነበር። እኔ የመረጥኩት በደቡብ አውስትራሊያ የደረሰውን የመብራት መጥፋት ነው። ርዕሴም «የነፋስ ኃይል ግዛቲቱን ጨለማ ውስጥ ከተተ» የሚል ነበር። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከርዕሱ ሥር በቀይ እስክርቢቶ «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ጽፈውበታል። እውነቱን ለመናገር አልነበርኩም። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ መላው ደቡብ አውስትራሊያ መብራት አጣ። 850 ሺህ ያህል ደንበኞች ኃይል ተቋረጠባቸው። በዚያን ሰዓት ግማሽ ያህሉን ፍጆታ የሚሸፍነው ነፋስ ስለነበረ ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማልኮልም ተርንቡል የግዛቶችን የታዳሽ ኃይል ዕቅድ ሲተቹ፣ የግዛቲቱ መሪ ጄይ ዌዘሪል ደግሞ ጣታቸውን ወደ ማዕበሉ ቀሰሩ።

ለመሆኑ የቱ ነው ትክክል? ለዚህ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም። የሚመነጨውና የሚፈጀው በየሰኮንዱ መመጣጠን አለበት። ሚዛኑ የሚለካው በፍሪኩዌንሲ ሲሆን በአውስትራሊያም ሆነ በእኛ አገር 50 ኸርዝ ነው። ፍጆታው ካየለ ቁጥሩ ይወርዳል። በጣም ከወረደ ደግሞ ማመንጫዎች ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን ከመስመር ይወጣሉ።

የእህል ወፍጮ ያየ ሰው ቀጣዩን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድንጋዩ ወዲያው አይቆምም፤ ክብደቱ ያሽከረክረዋል። የውሃ፣ የጋዝና የከሰል ተርባይኖችም እንደዚያው ናቸው። አንድ ማመንጫ በድንገት ቢወጣ የሌሎቹ ክብደት ጥቂት ሰኮንዶች ፋታ ይሰጣል። የፀሐይ ሰሌዳዎችና አብዛኞቹ ዘመናዊ የነፋስ ተርባይኖች ግን ከመስመሩ ጋር የሚገናኙት በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በኩል ስለሆነ ይሄን ፋታ በራሳቸው አይሰጡም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አውሎ ነፋሱ የማስተላለፊያ መስመር ምሰሶዎችን ጣለ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደ። ወዲያው ዘጠኝ የነፋስ ጣቢያዎች ከ7 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ነፋስ ስላልነበረ ነው? አይደለም! ቮልቴጁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ደጋግሞ ከወረደ ኃይል እንዲቀንሱ በፕሮግራማቸው ውስጥ ገደብ ተቀምጦ ነበር። የኤሌክትሪክ መረቡን የሚቆጣጠረው ድርጅት ይህን ገደብ አያውቀውም ነበር። ጉድለቱን ለመሙላት ከጎረቤት ቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ከአቅሙ በላይ ተጫነና ተቋረጠ። ብቻዋን የቀረችው ግዛት ፍሪኩዌንሲዋ ወደቀ፤ ፋታ የሚሰጥ በቂ ክብደትም አልነበራትም።

ስለዚህ ሁለቱም ፖለቲከኞች የያዙት የእውነቱን ቁራጭ ነው። ማዕበሉ ጀመረው፣ የማይታወቀው ገደብ አባባሰው፣ የመረቡ መቅለል ጨረሰው።

መፍትሔውም ነፋስን መተው አልሆነም። ገደቡ ተስተካከለ። በ2017 መጨረሻ በሆርንስዴል 100 ሜጋ ዋት የሚያወጣ ባትሪ ሥራ ጀመረ። በዚያው ወር በቪክቶሪያ አንድ የከሰል ማመንጫ ክፍል 560 ሜጋ ዋት ይዞ ሲወጣ ባትሪው ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ደረሰ። የሰጠው 7 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ቢሆንም ፍጥነቱ ብዙዎችን አስደንቋል። በ2021 ደግሞ ነዳጅ ሳያቃጥሉ የሚሽከረከሩ አራት ከባድ ማሽኖች ተተከሉ፤ ሥራቸው ያንን የወፍጮ ድንጋይ ክብደት መተካት ነው። ዛሬ የግዛቲቱ ኤሌክትሪክ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከነፋስና ከፀሐይ ይመነጫል።

የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ስለሚገኝ ድንጋዩ አለን። እንደ አዳማና አሸጎዳ ያሉ የነፋስ ጣቢያዎች እየበዙ ሲሄዱ ግን ጥያቄው የእኛም መሆኑ አይቀርም። ያኔ ዜናውን የምንጽፈው እኛ ነን። መብራት ሲጠፋ «ጥፋተኛው ማነው?» ከማለታችን በፊት «መጀመሪያ ምን ወደቀ? ቀጥሎስ? የቀረው ለምን መሸከም አቃተው?» ብለን እንጠይቅ።

እኔም ርዕሴን «ማዕበልና ያልታወቀ ገደብ ግዛቲቱን ያለ መብራት አስቀሩ» ብዬ ቀይሬዋለሁ። እንደ መጀመሪያው አይስብም፤ ግን እርግጠኛ ነኝ።